ጥይቱ የት ቀረ?

አንድ ሌሊት እናስብ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፤ የሚገፋው ታናሽ ወንድሙ ነው። ራሱን ለሁለት ሊሰነጥቀው የደረሰ ሕመም ይዞታል። ፊቱ ቀልቷል፣ ከደረቱ በላይ ላብ አጥምቆታል፣ ከደረቱ በታች ግን ቆዳው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ግፊቱ ሲለካ 160 በ100 ይሆናል። ተረኛው ሐኪም «እግርህ ምን ሆኖ ነው?» ሲለው፣ «ከመኪና ወድቄ ነው፣ ዶክተር» ይላል፤ ይህን ሲል ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ከሆነና ሃያ ሰዓት በእግሩ ከቆመ፣ የግፊት መድኃኒትና ማስታገሻ አዝዞ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። ልምድ ያለው ግን መጀመሪያ ሰውየውን ከወገቡ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ቀበቶውን ያላላለታል፣ አንሶላውን ገልጦ የሽንት ቱቦውን ይፈልጋል። ቱቦው ከጭኑ ሥር ታጥፎ ተገኘ እንበል። ሲቃና ሽንቱ መፍሰስ ይጀምራል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ግፊቱ ይወርዳል፣ ራስ ምታቱም ይለቀዋል።

ነገሩ አስማት አይደለም። ህብለ ሰረሰሩ ከደረቱ መሀል በላይ የተጎዳ ሰው፣ ከጉዳቱ በታች ፊኛው ሲወጠር ወይም ሆዱ ሲደርቅ አይሰማውም። ነርቮቹ ግን ይሰማቸዋል፤ ደንግጠውም የደም ሥሮቹን ያጠብቃሉ። አንጎል «በቃ፣ ልቀቁ» የሚል መልእክት ቢልክም መልእክቱ የተቆረጠው ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስና ሊገድል ይችላል። ሌላም አሳሳች ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሰው በደህናው ጊዜ ግፊቱ 90 ወይም 100 ስለሆነ፣ ለሌላው ሰው ብዙም የማያስደነግጠው 140 ለእሱ የአደጋ ደወል ነው።

ሰውየው ከመኪና አልወደቀም። ጀርባውን የመታው ጥይት ነው። ሐኪሙ ይህን ቢያውቅ ኖሮ የቱቦው ነገር ቶሎ ይታወሰው ነበር። ታዲያ ለምን ዋሸ? ይህ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ስለዚህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ግን እንዲህ ያለው ሰው ከየት እንደመጣ እንይ። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ከስምምነቱ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በተለያዩ ክልሎች ወደ ሰላማዊ ኑሮ ይመለሳሉ ያላቸውን የቀድሞ ተዋጊዎች ቁጥር 371,971 አድርሶታል። በትግራይ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የመጀመሪያው ዙር ደግሞ 75,000 ሰዎችን ለማስተናገድ የታቀደ ነበር።

ለአገሪቱ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበትኗል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ተሰናብተዋል። ከዚያ ቀደም በሶማሊያ ወረራ ጊዜ አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች ደብረ ዘይት አካባቢ የጀግኖች አምባ ተቋቁሞ ነበር። በዘጠናዎቹ ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ የኖረ ሰው የቀድሞ ወታደር በክራንች ቆሞ ሲለምን ሳያይ አልቀረም። ያኔ ያየነው እጁ ወይም እግሩ የጎደለውን ነው፤ በሆዱ ፍንጣሪ፣ በራስ ቅሉ ስንጥር ይዞ ዝም ብሎ የሄደውን አላየነውም።

የቀድሞ ተዋጊ ለምን በሌላ በር ሳይሆን በድንገተኛ ክፍል በር ይመጣል? መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላው በር ተዘግቶበታል። በሠራዊት ውስጥ ሳለ የጦሩ ሐኪም ያየው ነበር፤ በተሰናበተ ማግስት ያ ያበቃል። ከታጣቂ ቡድን የመጣ ከሆነ ደግሞ ሜዳ ላይ ያከመው ሰው ማን እንደነበር ራሱም ላያውቅ ይችላል፤ ካርድ የለውም፣ ራጅ የለውም፣ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ የለውም። የሰፈሩን ሰው የሚያቅፈው የማኅበረሰብ ጤና መድኅን በየዓመቱ መዋጮ ይፈልጋል፤ እሱ በምዝገባው ጊዜ ምሽግ ውስጥ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ለማጻፍ ደግሞ ቀን፣ ብርና ጥያቄ መመለስ ይጠይቃል። ስለዚህ እስኪብስ ይጠብቃል። ሲብስም ሌሊት ይመጣል።

ሰውየው ለምን ዋሸ ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ሐኪም አዲስ ሕመምተኛ ሲያገኝ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ምን ሆንክ፣ መቼ፣ የት? ለሐኪሙ ይህ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አፉ ላይ ያለ ተራ ነገር ነው። ለቀድሞ ተዋጊ ግን «የት ቆሰልክ?» የሚለው የፖሊስ ምርመራ ክፍል ጥያቄ ነው። የቦታ ስም ከጠራ የትኛው ወገን እንደነበር ይታወቃል። ቀኑን ከተናገረ በየትኛው ውጊያ እንደተካፈለ ይታወቃል። ከጎኑ አልጋ ላይ የተኛው ማን እንደሆነ፣ በር ላይ የቆመው ዘብ ወንድሙን የት እንዳጣ እሱ ምን ያውቃል? እንደሱ ያለ ሰው ቢዋሽ አይገርመኝም፤ የሚገርመኝ እውነቱን የሚናገረው ነው።

ችግሩ ደግሞ ሐኪሙ መልሱን የግድ የሚፈልገው መሆኑ ነው። ውሸቱ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ለቁስለኛው ይተርፋል። መውጫው ጥያቄውን መቀየር ነው። ሕክምናው «በምን ተመታህ? ስንት ጊዜ ሆነው? ያኔ ምን ተደረገልህ? ብረቱ ወጥቷል ወይስ ውስጥህ ነው?» የሚሉትን ይፈልጋል። የጦሩን ስም፣ የአዛዡን ስም፣ የውጊያውን ቦታ አይፈልግም። ጥይት የማንም ይሁን የማን በአጥንት ላይ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። አንዳንድ ሐኪም ከመጠየቁ በፊት «ወንድሜ፣ ከማን ጋር እንደነበርክ አልጠይቅህም፤ እኔን የሚጠቅመኝ ምን እንደመታህ ብቻ ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህችን ለመናገር አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። መጋረጃ ከተገኘ ደግሞ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አስታማሚው ለአፍታ ወጣ ብሎ፣ ዘቡ ከጆሮ ርቆ ሲሆን የሚሰማው ነገር ይለያል።

ሕጉም ከዚህ ጎን ነው። በ1941 ዓ.ም. የተፈረሙት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት ሦስተኛ አንቀጽ፣ በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ጦርነት እንኳ ቁስለኞችና ሕሙማን ተሰብስበው መታከም አለባቸው ይላል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ሐኪም ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር የሚስማማ ሕክምና በመስጠቱ፣ ያከመው ማንም ይሁን ማን፣ ሊቀጣ እንደማይገባ ይደነግጋል። የአገራችን የወንጀል ሕግም ቢሆን ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም ያለን ባለሙያ ይቀጣል፤ የሙያ ምስጢር ማውጣትንም እንዲሁ። ሕጉ መጽሐፍ ላይ ስላለ ብቻ በኮሪደሩ ይሠራል ማለቴ አይደለም። የሚሠራው ተረኛው ሐኪምና ሲስተሯ ሲያውቁትና ሲጠቅሱት ነው።

ድንገተኛ ክፍል ራሱ አንድ ጥሩ ልማድ አለው። በር ላይ ሕመምተኛ በቀለም ይለያል። ቀይ ማለት አሁኑኑ፣ ብርቱካናማ ማለት በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢጫ ጥቂት የሚጠብቅ፣ አረንጓዴ ደግሞ ረጅም የሚጠብቅ ነው። ቀለሙን የሚወስኑት ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀትና ንቃት ናቸው። በዚያ ቅጽ ላይ የማዕረግ ሣጥን የለም። ጄኔራልም ገበሬም አረንጓዴ ከሆነ ይጠብቃል። የጦር ሜዳ ልማድ የለመደው ሰው ግን ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ ጓደኞቹ ተሰብስበው መጥተው «እሱ አገር ያዳነ ነው፣ ቀድሙት» ብለው ሲጮኹ የልየታዋ ነርስ የምትቆመው በዚያች ወረቀት ነው። የጦር መሣሪያም ከበር ውጭ ይቀራል። በብዙ ሆስፒታል በር ላይ ክላሽ ተስሎ ቀይ መስመር የተሰረዘበት ምልክት አለ። ቁስለኛ ይዞ የመጣ ጓደኛ ኪሱ ውስጥ ቦምብ ረስቶ ሊገባ እንደሚችል ማሰብ ደግሞ ማጋነን አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ፤ ሰው ሁሉ የሚያስበው ጥይት ካልወጣ ይገድላል ብሎ ነውና።

አብዛኛው ጥይትና ፍንጣሪ ባለበት ቢቀመጥ ይሻላል። ሰውነት ዙሪያውን በጠባሳ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፤ እሱን ለማውጣት ጡንቻና ነርቭ መቁረጥ ከጥይቱ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ «ሐኪሙ ሳያወጣው ቀረ፣ ገንዘብ ስላልከፈልኩ ነው» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። መውጣት ያለበት ግን አለ፤ ዓይን ውስጥ ያለ፣ ትልቅ የደም ሥር ላይ የተለጠፈ፣ መግል የያዘ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መገጣጠሚያ ውስጥ የተቀመጠ። ጉልበት ወይም ዳሌ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እርሳሱን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ደሙ ያንሳል፣ እጁ ይዝላል፣ ይረሳል፣ ይነጫነጫል። ጨጓራ ነው ተብሎ የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ይከርማል። የእርሳስ መመረዝ መሆኑን የሚጠረጥረው «ጉልበቴ ውስጥ ጥይት አለ» ያለውን የሰማ ሐኪም ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ቶሎ ቢላ ማንሳት የለበትም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ እርሳሱን ወደ ደም ሊያባርር ስለሚችል መጀመሪያ የደሙን መጠን መለካትና በመድኃኒት ማውረድ ይቀድማል።

ኤምአርአይ ሌላው ወጥመድ ነው። ማሽኑ ግዙፍ ማግኔት ነው። የመዳብና የእርሳስ ጥይት ብዙ አይንቀሳቀስም፤ የክላሽ ጥይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የብረት እምብርት አለው፣ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪም ብረት ነው። ዓይን ወይም አከርካሪ አጠገብ ያለ ቅንጣት ማሽኑ ውስጥ ቢሳብ የቀረውን ብርሃን ወይም የቀረውን እግር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በጦርነት ያለፈ ሰው ኤምአርአይ ከመግባቱ በፊት ራጅ ይነሣል። ራጅ ርካሽ ነው፣ ከኤምአርአይ ይልቅ በብዙ ቦታ ይገኛል፣ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለወጣት ሐኪሞችና ለጤና መኮንኖች መነገር አለበት። የድሮ ቁስል አጠገብ ያበጠ፣ የሞቀ፣ የሚያም ነገር ሁሉ መግል አይደለም። ፍንጣሪ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ጠባሳ ትቶ ሄዶ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያ ቦታ እንደ ፊኛ ሊነፋ ይችላል። መግል መስሎት የበጣው ሰው ደም እስከ ጣሪያ ሲረጭ ያያል። ከመብጣት በፊት ጣት አስቀምጦ ይመታ እንደሆነ ማየት፣ በስቴቶስኮፕ ሹሹ የሚል ድምፅ ካለ ማዳመጥ፣ ይኸው ነው ጥንቃቄው። ስቴቶስኮፕ የሌለው ጆሮ አለው።

ከሁሉም ይልቅ ሐኪሞችን የሚያለፋው አጥንት ነው። ጥይት አጥንት ሲሰብር ልብስ፣ አፈርና ስባሪ ይዞ ይገባል። በጦርነቱ ጊዜ ቁስል በንጹሕ ውኃ ማጠብ እንኳ ብርቅ በነበረባቸው ቦታዎች የተሰፉ እግሮች ዛሬ ያመረቅዛሉ። የሞተው የአጥንት ቁራጭ ውስጥ ተቀምጦ ተሕዋስያን ይደበቁበታል፤ መድኃኒት ወደዚያ የሚወስድ የደም ሥር የለም። ቁስሉ ይደርቃል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ እርሻ ይገባል፣ ከዚያ በክረምት ያብጥና በቀዳዳ መግል ይፈስሳል። ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው ትኩሳቱ ሲነድድና ተሕዋሱ ወደ ደም ሲገባ ነው። አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥ እሳቱን ለሳምንት ያዳፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚድነው የሞተው አጥንት በቀዶ ሕክምና ሲወጣና መድኃኒቱ ለሳምንታት ሲሰጥ ነው። ድንገተኛ ሐኪሙ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚችለው ሕይወቱን አትርፎ፣ ለአጥንት ሐኪም አገናኝቶ፣ ቀጠሮው እንዳይጠፋ ስልክ ጽፎ መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ክር ይህ የመጨረሻው ነው።

ራሱን የተመታ ሰውስ? በቬትናም ጦርነት ጭንቅላታቸው በጥይት ወይም በፍንጣሪ የተበሳ አሜሪካውያን ወታደሮች ከ15 ዓመት በኋላ ሲታዩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚጥል በሽታ ይዟቸው ተገኝቷል፤ አንዳንዱን የጀመረው ከጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዝለታል፤ ቤት ሲደርስ ልክፍት ነው ይባላል፣ የገደላቸው ሰዎች ነፍስ ነው የሚልም አይጠፋም። ጠበሉን የሚከለክል የለም። ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት እየዋጡ መጠመቅ ይቻላል፤ ይህን የሚመክሩ ካህናትም አሉ። ክብሪቱ ግን ይቅር። ሰውየውን በጎኑ አስተኝቶ፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጎ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ መጠበቅ ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ደጋግሞ ከጣለው አምቡላንስ ይጠራል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ጠብ የሚያስነሣ ነገር ደግሞ ጆሮ ነው። መድፍና ሞርታር አጠገቡ ሲፈነዳ የኖረ ሰው የጆሮው ታምቡር ተቀዷል ወይም ነርቩ ሞቷል። ነርሷ ስሙን ስትጠራ አይመልስም፣ ሲናገር ይጮኻል፣ ሲጠየቅ ሌላ ይመልሳል። «ባለጌ ነው»፣ «ሰክሯል»፣ «አእምሮው ልክ አይደለም» ይባላል። ፊት ለፊቱ ቆሞ ከንፈርን እያሳዩ ቀስ ብሎ መናገር ግማሹን ጠብ ያበርደዋል።

ሌላው ግማሽ ከአእምሮ ይመጣል። ድንገተኛ ክፍል ማለት ጩኸት፣ ደም፣ የሚሮጥ ሰው፣ የብረት ትሪ ሲወድቅ የሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚህ በላይ ጦር ሜዳን የሚያስታውስ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ከኋላው ድንገት የተነካ ሰው እጁን ቢያነሣ ሊመታ ፈልጎ አይደለም፤ ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ወደዚያ ተመልሶ ነው። የሚረዳው ቀላል ነገር ነው፤ ከፊት መቅረብ፣ ከመንካት በፊት መናገር፣ መርፌውን ማሳየት፣ በእሱና በበሩ መካከል አለመቆም፣ ከተቻለ ግድግዳ ወዳለው ጥግ አልጋ መውሰድ። በኬታሚን ማደንዘዣ ለሚሰፋ ሰው ሲነቃ ዙሪያው ጸጥ ያለ እንዲሆን ማድረግም እንዲሁ። እጁን ማሰር የመጨረሻው መፍትሔ መሆን አለበት፤ ታስሮ የተደበደበ ሰው ሊሆን ይችላልና።

አረቄውም መጠየቅ አለበት። ካምፕ ውስጥ እንቅልፍ ያመጣለት እሱ ነበር። በእግሩ ስብራት ምክንያት ተኝቶ መጠጣት ያቆመ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ቢያይ፣ ቢያንዘፈዝፈው፣ ያበደ ሳይሆን መጠጡ የተቋረጠበት ሊሆን ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ራስን ስለ ማጥፋትም ቢሆን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች ግን ስለሚፈሩ አይጠይቁም። «እኅቴ፣ መኖር የሚያስጠላሽ ጊዜ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እኅቴ ያልኩት አውቄ ነው። በጦርነቱ ብዙ ሴቶች ታጥቀው ተዋግተዋል። ሲመለሱ ከወንዶቹ ይልቅ ዝም ይላሉ። ወንዱ ቁስሉን ለጓደኛው ያሳያል፤ እሷ «ታጋይ ነበርኩ» ካለች ስለ ትዳሯ የሚያወራ ጎረቤት አለ። ሆዷን አሟት የመጣች ሴት መጋረጃ ውስጥ፣ በሴት ባለሙያ፣ ባሏም ወንድሟም በሌሉበት ካልተጠየቀች፣ የተፈጸመባትን ጥቃት ትታ ስለ ጨጓራዋ ብቻ ታወራለች።

እስካሁን ስለ ሕመምተኛው ብቻ አወራሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰውም ግን ከጦርነቱ ውጭ አልነበረም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የጎበኛቸው የጤና ተቋማት 106 ነበሩ፤ 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈዋል፣ ከ30 በመቶ በላይ ጉዳት ደርሶባቸዋል፣ በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወደ አማራና አፋር ሲሰፋ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ በርካታ ተቋማት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰባቸው። በመቐለ ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። እንግዲህ አልጋ ላይ የተኛው ሰው ያኔ የራሱን ሆስፒታል ከዘረፈው ጦር ሊሆን እንደሚችል እያወቀ ጓንት የሚያጠልቅ ሐኪም አለ። ምንም አይሰማውም ብሎ መጠበቅ ሐሰት ነው። ሙያው የሚጠይቀው ስሜቱን እንዲያጠፋ ሳይሆን ያን ሰዓት እጁ እንዳይዘገይ ነው። ካቃተው ለባልደረባው «ይህን አልጋ ያዝልኝ» ማለት ይችላል፤ ይህን ማለት እንደ ነውር የማይታይበት ክፍል ጤነኛ ክፍል ነው።

የሰው ኃይሉም ገና ለጋ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡትም ከሦስት ዓመት በኋላ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተከትለዋል። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ከተማ ሌሊቱን የሚይዘው ጠቅላላ ሐኪም፣ ኢንተርንና ነርስ ነው። በአማራና በኦሮሚያ ተኩሱ አለመቆሙ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ በአንድ ኮሪደር የትናንቱ ተዋጊ ከሚያመረቅዝ አጥንቱ ጋር ተኝቶ፣ ከአጠገቡ ዛሬ የተመታው ይገባል። የትናንቱ ሰው ሁልጊዜ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነው፤ ሁልጊዜ ይጠብቃል።

የሚጠብቀው ደግሞ ለአንድ ሌሊት አይደለም። እግሩ ለተቆረጠ አዋቂ ሰው ሰው ሠራሽ እግር በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይቀየራል። የ28 ዓመት ወጣት 70 ዓመት ቢኖር አሥር ያህል እግር ያስፈልገዋል። ያረጀው እግር ጉቶውን ይልጠዋል፣ የተላጠው ያመረቅዛል፣ ያመረቀዘው ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። ለመሰናበቻ የሚሰጥ ገንዘብ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የመልሶ ማቋቋም በጀት ሲሠራ የሆስፒታሉ ወረፋ ውስጡ ካልተቆጠረ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው፤ እስካሁን እንደማየው ተሐድሶ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ሥልጠናና መቋቋሚያ ብር ነው።

ይህን የምታነብ የቀድሞ ተዋጊ ከሆንክ፣ ወይም እንደዚህ ያለ ልጅ፣ ባል፣ እኅት ቤትህ ካለ፣ አንድ ወረቀት አዘጋጅ። በምን እንደተመታህ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ብረቱ በሰውነትህ የት እንደቀረ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጻፍበት። ህብለ ሰረሰርህ ከተጎዳ በደህናህ ቀን ግፊትህ ስንት እንደሆነ ጨምርበት። የድሮ ራጅ ካለ አትጣለው፤ ስልክህ ላይ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጠው። የጦሩን ስም አትጻፍ፤ ሐኪሙ አያስፈልገውም። ወረቀቱን አጥፈህ መታወቂያህ ውስጥ ክተተው፤ ራስህን ስተህ ስትገባ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።